በፈተና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቃል

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ብሂል ቀልቃላን ለመገሠጽ የተነገረ ነው። ሰዓት ሠሪው ግን እንደ ሙያ ሕግ ቆጥረውት ኖረዋል። ከበራቸው በላይ ቀለሟ የወየበ ጠባብ ሰሌዳ ከመስቀል በቀር ስለ ራሳቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ሰዓት የቆመበት ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ ከዐይናቸው የማትለየውን ማጉያ ከፍ አድርገው «አቤት» ይላሉ። ከዚህ ያለፈው ሁሉ በእርሳቸው ዘንድ ልመና ነበር።

ይህ ሕግ የተናጋው አከራይዋ መጥተው እስከሚቀጥለው ወር ማብቂያ ቁርጡን እንዲያሳውቋቸው በጠየቁ ጊዜ ነው። በስተቀኝ ያለው ፋርማሲስት መደብሩን ለማስፋት ይህንኑ ክፍል ይፈልገዋል። ሰዓት ሠሪው ውሉን ካላደሱ ክፍሉ የእርሱ ይሆናል፤ ካደሱ ደግሞ ለብዙ ዓመት ይታሰሩበታል። በሩን የሚገፋው ሰው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ስለ ሄደ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ክፍል ይልቀቁት ወይስ ይያዙት፣ መወሰን አቃታቸው።

«ሰው አልፈለገኝም ማለት ነው ወይስ መንገዱ ጠፍቶበት ነው?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቋት።

ልጅቱ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ሙሉ ሴት ሆና ሳለ በቤተ ሰቡ ዘንድ ዛሬም «ሚጣ» ትባላለች። በዚያ ሰሞን በበይነመረብ ስለ መነገድ የሚያስተምር የጀማሪዎች ትምህርት በስልኳ ትከታተል ስለ ነበር፣ ጥያቄው ለእርሷ ተብሎ የተሰናዳ መሰላት።

«እሱንማ ማወቅ ይቻላል፣ አባባ። ሰው አሁን የሆነ ነገር ሲፈልግ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ካወቅን ገጽ እንከፍትና ያንን ቃል እናስገባበታለን። ቁልፍ ቃል ይሉታል።»

«ሰው የሚጽፈውን እኔ በምን አውቃለሁ? ትከሻው ላይ ቆሜ ላነብ ነው?»

«እሱን ነው የምናጠናው።»

«ሰዓት ሲጠና አውቃለሁ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ቃል የሚጠና አይመስለኝም ነበር።» ይህን ያሉት ግራ ገብቷቸው እንጂ ለማሾፍ አልነበረም።

ትምህርቱ «ከምታውቋቸው ሰዎች ጀምሩ» ስለሚል ሚጣ ከዘመድ ጀመረች። የአባቷ ታናሽ እኅት በስተግራ ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ እርሷን ጠራቻት። የሚጣ ታላቅ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ የተገኘው በስልክ ብቻ ነው። ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቀረበችላቸው፤ የግድግዳ ሰዓታችሁ ቢቆም ስልካችሁ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

«እኔ ምን ቆርጦኝ እጽፋለሁ?» አለች አክስቷ። «ግድግዳውን ደብድቤ ወንድሜን እጠራለሁ።»

«ወንድም የለሽም እንበል፣ እትዬ።»

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ አታሟርቺብኝ እንጂ።»

«ወንድም ጋሼ፣ አንተስ?»

«የእኔ ሰዓት ቢቆም ደስታውን አልችለውም» አለ ሹፌሩ። «ዘገየህ የሚለኝ አይኖርም።»

ጥያቄውን በክብደት የተቀበሉት ሰዓት ሠሪው ብቻ ነበሩ። መፍቻቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ጻፊ» አሉ። «በእጅ የሚሞላ ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ሙሉ እድሳት።»

የሚጣ ጣት አየር ላይ ቀረ። «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይጽፈዋል?»

«የሚያውቅ ሰው።»

«የሚያውቅ ሰው ስንት ነው?»

«እሱን አንቺ አጥኚ እንጂ። ተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

አጠናች፤ ባጠናችም ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበባት። «ሰዓት» የሚለውን ቃል እልፍ ሰው ይጽፈዋል፤ ነገር ግን አዲስ ሰዓት የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ በዚያ ቃል ላይ ስለሚጋፋ፣ የአንድ አዛውንት ሱቅ በዚያ መካከል ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ትምህርቱ ጀማሪዎች ረዘም ያለና የተወሰነ ሐረግ እንዲመርጡ ይመክራል፤ ጸሐፊው ጥቂት ቢሆንም የሚፈልገውን ያውቃልና። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የአባቷ ሐረግ እንከን አይወጣለትም። ተፎካካሪ የሚባል አልተገኘበትም፤ ሆኖም ሐረጉን የጻፈ ሰውም አልተገኘም። ባዶው ሜዳ ማንም ያልደረሰበት በረከት ይሁን ወይስ ማንም የማያልፍበት ምድረ በዳ፣ ትምህርቱ አይናገርም። ሚጣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ደግማ ሰማችው፤ ደግሞም አልገባትም።

በመጨረሻ ገጹን በአባቷ ሐረግ ከፈተችው። ከግርጌው ግን አንዲት አጭር አንቀጽ ከራሷ ጨመረች። ርእሷ «ሰዓቴ ቆመብኝ፣ ምን ላድርግ» የሚል ነበር።

«ባትሪ ቀይር በዪው» አሉ ሰዓት ሠሪው ቅር ብሏቸው። «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም።»

«ይኑር፣ አባባ። ቦታ አይዝም።»

«ይሁን። አሁን ገጹ ተሠርቶ አልቋል?»

«አልቋል።»

«መሥራቱን በምን እናውቃለን?»

«ሰሌዳ አለው፤ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈና የእኛን ገጽ እንዳወጣ ያሳያል። እስከዚያው መጠበቅ ነው» አለች ሚጣ።

ሰዓት ሠሪው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጠበቅ ለእርሳቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አልጠየቀቻቸውም። በእርሳቸው ክፍል የታደሰ ሰዓት በዕለቱ ለባለቤቱ አይመለስም። በስተውስጥ ባለው፣ የፈተና ግድግዳ በሚሉት ላይ ተሰቅሎ ይሰነብታል፤ በራቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ከሌላ ሰዓት ጋር ያመሳክሩታል። ከፍ ያለ ጥርጣሬ ካደረባቸውም ሦስተኛ ይጨምራሉ። «ሰዓት ለራሱ አይመሰክርም» ይላሉ።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ከዚያም ያ ረጅም ሐረግ ሚጣ በምታየው ሰሌዳ ላይ ብቅ አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጨመረ፤ በተከታዩ እጥፍ ሆነ። ሚጣ ሥራ ቦታዋ ላይ ሰሌዳውን እያየች ከደስታዋ የተነሣ የአንዱን ታካሚ ቀጠሮ ለሌላው ሰጠችና ይቅርታ ጠየቀች።

ይሁን እንጂ የሱቁን በር የገፋ አዲስ ሰው አልነበረም።

«ይሄን ያህል ሰው ፈልጎን ሳለ ወዴት ነው የሚቀረው?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«አላውቅም። ምናልባት እያሰቡበት ነው።»

«ሰዓት ለማሳደስ ምን ያሳስባል?»

«አባባ፣ እኔም እኮ ግራ ገብቶኛል። ግን ቁጥሩ እየወጣ ነው። ትምህርቱ ደግሞ ቁጥር ከወጣ ታገሡ ይላል።»

ፋርማሲስቱ ወሬው ደርሶት ኖሮ ነጭ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ በስልክ ገነዋል አሉ። ወረፋው በየት በኩል ነው? እንዳልጋፋ ብዬ ነው።»

«ገና መንገድ ላይ ናቸው» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ማጉያቸውን ሳያነሡ።

«በእግር ነው እንዴ የሚመጡት?» አለና እየሣቀ ሄደ።

የአከራይዋ ቀጠሮ ሲቃረብ ሚጣ አባቷን ውሉን እንዲያድሱ መከረቻቸው። ፈላጊ እንዳለ በዐይኗ አይታለችና። እርሳቸውም ሌሊቱን አስበው በጠዋቱ እሺ አሉ፤ አከራይዋ በማግስቱ ይመጣሉ።

እሺ ባሉበት በዚያው ጠዋት ሚጣ ወደ ሥራዋ ስትሄድ መንገዷን ወደ ሱቁ አዞረች። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቷ በፈተና ግድግዳ ፊት ቆመው ስልካቸውን ከዐይናቸው አርቀው ይዘው ፊደል በፊደል ይነካካሉ። አክስቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ከጎናቸው ቆማ የራሷን ስልክ ትነካካለች።

«ወጣ?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«ወጣ። ከላይ ነው።»

«የእኔም ከላይ ነው። ደህና እየሄደ ነው።»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ሚጣ።

«ቃሉን እየፈተንነው ነዋ» አሉ አባቷ፣ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆኖባቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተሰቀለ ጀምሮ። እኔ ስከፍትና ስዘጋ፤ እኅቴ ደግሞ ለማመሳከሪያ። ወንድምሽም በደረሰበት ከተማ ሁሉ ይጽፋል። ሰዓት ቦታ ሲለውጥ ይዛባል፤ ቃልም እንደዚያ እንደ ሆነ ብዬ።»

«እኔማ ቃሉን ለደንበኞቼም ሰጥቻለሁ» አለች አክስቷ በኩራት። «ወገባቸውን እስክለካ ዝም ብለው ከሚቆሙ ይጻፉ።»

ሚጣ የደንበኛ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሰሌዳው እኮ ሰው አይለይም። የተጻፈውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

«ደግ።»

«የጻፍነው እኛ ነን።»

«አዎ፣ ጻፍን። በትክክልም ሠራ። አንድ ቀን እንኳ አልሳተም።»

«የሚፈልጉን ሰዎች ያልኩህ እናንተ ናችሁ ማለቴ ነው። አንተ፣ እትዬ፣ ወንድም ጋሼ፣ የእትዬ ደንበኞች። ሌላ ሰው የለበትም።»

ሰዓት ሠሪው ስልኩን አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን፤ ከዚያ መልሰው ስልኩን። «እና ስንጠራ አቤት ያለው ማነው?»

«እኛው።»

አክስቷ መሣቅ ጀምራ ነበር፤ የወንድሟን ፊት ስታይ ግን ተወችው። «የገደል ማሚቶ ሆነናል በለኛ፣ ጋሼ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ ያልተፈተነ ነገር እንዴት ይታመናል?» አሉ ሰዓት ሠሪው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያመሳክሩ ካመሳከሪያው የተነሣ የተለወጠ ሰዓት አይተው አያውቁም። በዐይን የታየ ሰዓት በመታየቱ አይፈጥንም። ይህ ነገር ግን ባዩት ቁጥር ጨምሯል፤ ያዩትም የገዛ ዐይናቸውን ነበር። ይህን ሁለት ጊዜ አሰቡት፤ ሁለት ጊዜም ከመካከሉ ጠፋባቸው።

ሚጣ ስልኳን አውጥታ ሰሌዳውን እንደ ገና ከፈተች። ረጅሙን ሐረግ በጣቷ ሸፍና ሌላውን ተመለከተች። ከሥር፣ እስከዚያ ቀን ልብ ያላለቻት አንዲት መስመር ነበረች።

«እዚህ የጻፉ አሉ» አለች። «‹ሰዓቴ ቆመብኝ፣ ምን ላድርግ›። ይሄን ከእናንተ የጻፈ አለ?»

«እኔ እንዲህ ያለ አልጽፍም» አሉ ሰዓት ሠሪው።

አክስቷም አለመጻፏን ተናገረች። ለሚጣ ወንድም ደወሉለት፤ እርሱም የተሰጠውን ብቻ እንደ ጻፈ፣ ያም ጣቱን እንዳሳመመው ነገራቸው።

«ብዙ ናቸው?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«ጥቂት። ግን በየሳምንቱ አሉ።»

«ባትሪ ያለቀባቸው ናቸው።»

«ሊሆን ይችላል። ወይም እናታቸው የተወችላቸው ሰዓት ይሆናል። ቃሉ ይሄን አይናገርም፣ አባባ።»

«ጥቂት ሰው ለዚህ ክፍል ይበቃል?»

ሚጣ የተማረችውን ሁሉ በልቧ አገላበጠች። «አላውቅም» አለች። «ትናንት አውቃለሁ ብዬህ ነበር። አሁን አላውቅም።»

ሰዓት ሠሪው ተነሥተው ክፍሉን ከመስኮቱ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ በዐይናቸው ለኩት። መስኮቱ ሥር ያለው የሥራ ጠረጴዛቸው ከአንዲት ወንበር በቀር ሌላ ቦታ አይፈልግም።

«ሜትርሽን አውሺኝ» አሉ እኅታቸውን። «ሚጣ፣ አንቺ ሥራሽ ሂጂ። ስትሄጂ ግን ያን ነጭ ለባሽ አንዴ ጋሼ ይጠራሃል በዪው።»

በተከታዩ ወር በአከራይዋ ፈቃድ ግንበኛ መጥቶ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው፤ መስኮት ያለበት ጠባቡ ወገን ለሰዓት ሠሪው፣ ሰፊው ለፋርማሲስቱ ሆነ።