ስልሳ ሴንቲ ሜትር ነሐስ

«ፓይለቱ ጆሮው አይሰማም አሉ» አለች ትርንጎ ሻይ እየቀዳች። ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ነው የምትለው። ማክሰኞ ለባጃጅ ሾፌሮቹ፣ ረቡዕ ከሲሪንቃ ለወረዱት ሠራተኞች፣ ዛሬ ሐሙስ ደግሞ ለኢብቲሳም። «ድፍን ያለ ደንቆሮ ነው አሉ። ለዚህ ነው አውሮፕላኗ ቆማ የቀረችው።»

«ማነው ያለው?»

«ይባላላ!»

«ይባላል የሚባል ሰው መርሳ ውስጥ ካለ አሳዪኝ፣ አፉን ልበይድለት። ፓይለቱ ጆሮ አለው። አንቴና ነው የሌለው።»

ትርንጎ ከንፈሯን መጠጠች። ወሬዋን ከነመልሱ ለሚቀጥለው ደንበኛ እንደምትሸጠው ኢብቲሳም ታውቃለች። ሻይዋን በሁለት ጉንጭ ጨርሳ፣ በማዳበሪያ የጠቀለለችውን ዕቃ በብብቷ ይዛ ወደ ሜዳው ወረደች።

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ነው። የግሪሳ ወፍ መርጫዋ ትንሽ አውሮፕላን ከመርሳ በታች ባለው ጠጠር ሜዳ በሰላም ካረፈች በኋላ ፀሐዩ ከረረ ብለው እየገፉ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስጠጓት። ቁርቁራው ጥላውን ሰጣት፤ አንድ ወፍራም ቅርንጫፉ ግን ጀርባዋ ላይ የቆመውን አንቴና ገንጥሎ ጣለው። ያለ አንቴና መብረር ይቻላል፣ መርጨት ግን አይቻልም። መድኃኒቱ ከመለቀቁ በፊት መሬት ላይ ያለ ሰው «ሰውም ከብትም ወጥቷል» ብሎ በሬዲዮ መናገር አለበት። በስልክ እንዳይሆን ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። አዲስ አንቴና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ አውሮፕላኗ ደግሞ ዓርብ ማለዳ ወደ ሌላ ዞን እንድትሄድ ታዝዛለች። የቀረችው የዛሬዋ አመሻሽ ብቻ ናት። ውርጌሳ አጠገብ ባለው የግራር ቁጥቋጦ የሚያድረው ግሪሳ የመርሳን ማሽላ ገና ወተት እንደያዘ እየመጠጠው ነው። የኢብቲሳም እናት ግማሽ ሄክታርም እዚያው ማሽላ መሐል ነው።

ኢብቲሳም መርሳ ላይ ዲሽ ትገጥማለች፣ ሞባይል ትፈታለች፣ የሞተ ሬዲዮ ታስነሳለች። የትም አልተማረችም። ሽፋናቸው ከተቀደደ መጻሕፍትና ሰው ከጣላቸው ዕቃዎች ነው የለቀመችው። «የት ተማርሽ?» ብሎ ለሚጠይቃት ደግሞ መልስ አላት፦ «አንተ ከቆምክበት አንድ ክፍል ከፍ ብሎ።»

ከወልድያ የመጣው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ውቤ ማዳበሪያውን ስትፈታ አንገቱን አስግጎ አየ። አንድ ቀጥ ያለ የነሐስ ዘንግ ወጣ፤ ከበያጆች የገዛችው ነው። መቆሚያው ከእናቷ የሽንኩርት መክተፊያ ፕላስቲክ የተቆረጠ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የአውሮፕላን ነው፤ ዲሽ አይደለም» አለ።

«ሞገዱ ዲፕሎማ አይጠይቅም፣ ወንድሜ። አንተ ነህ የምትጠይቀው።»

ፓይለቱ ካፒቴን ኢሳቅ ክንፉ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተነሳ። «ስንት ቆረጥሽው?»

«ስልሳ ሴንቲ። የምታወሩበትን ቁጥር ነግረኸኝ አልነበር? እሱን አካፍዬ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ሦስቴ ለክቼዋለሁ።»

ኢሳቅ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው። ግጠሚው።»

ያቺ «ልክ ነው» ደረቷን ሞላችው። ከአውሮፕላኗ ጀርባ ላይ ወጥታ መቆሚያውን በብሎን አሰረች፣ ገመዱን በየደች። አንድ ጠብታ እርሳስ እንኳ አላባከነችም።

ካምፑ ያለው የእጅ ሬዲዮ አንድ ብቻ ነው። እሱን ጠዋት የአካባቢው ሽማግሌ ሐጂ ኡበይደላ ይዘውት ሄደዋል። ግሪሳው የትኛው ግራር ላይ እንደሚያድር ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሲናገሩ እንዲጫኑ፣ ሲያዳምጡ እንዲለቁ ኢሳቅ አሳይቷቸው በአንድ ጊዜ ነው የገባቸው። ከውርጌሳ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሆነው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሊጠብቁ፣ ኢብቲሳም ስትቆጥር «ሰምቻለሁ» ሊሉ ተስማምተዋል።

ልክ በሰባት ሰዓት የአውሮፕላኗን መነጋገሪያ ያዘች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሐጂ፣ ይሰማዎታል?»

ሽሽሽ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሐጂ!»

ሽሽሽ ብቻ። እንደገና ጠራች። አስር ጊዜ ያህል ጠራች።

«ላይ ላይ የሚያልፉትን ትልልቆቹን እሰማቸዋለሁ» አለ ኢሳቅ ማዳመጫውን ከጆሮው እያነሳ። «እነሱ ግን በቁራጭ ሽቦም ይሰማሉ። ምናልባት ሽማግሌው ገና አልደረሱ ይሆናል። ትንሽ እንታገስ።»

«ሐጂ ኡበይደላ? ለሰርግም ለሽምግልናም ከቀጠሮ በፊት ነው የሚደርሱት። ጥፋቱ ከኔ ነው። ሰው ላይ ማሳበብ አልወድም።»

በእርግጥም አትወድም። የሽማግሌ ነገር በእጇ አይደለም፤ ነሐሱ ግን በእጇ ነው፣ መጋዙም በእጇ ነው። ዘንጉ ረዝሞ ይሆናል ብላ አንድ ሴንቲ ቆረጠች። ቆጠረች። ሽሽሽ። ሌላ አንድ ቆረጠች። ሽሽሽ። መቆሚያውን ፈታ አጸዳች፣ ብየዳውን ነቅላ ደገመችው፣ ከመቆሚያው ሥር ያለውን የአውሮፕላኗን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጋ ቆርቆሮውን አወጣች። የነካችው ሁሉ ደህና ነው። ደህና የሆነ ነገር እንዴት አይሠራም? ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ አቃጠላት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ውቤ መጣ። «መኪናዋ ወልድያ ነዳጅ ልታመጣ ሄዳ አልተመለሰችም። ባጃጅ ልላክና ሽማግሌውን ይጠይቃቸው?»

«ሬዲዮ የተሠራው ባጃጅ እንዳይላክ ነው!»

«ኧረ እኔ ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ዝም በልልኝ።»

ውቤ እጁን ዘርግቶ ተመለሰ። ኢሳቅ ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። እሷም ባጃጁ ቢላክ እንደሚሻል ልቧ ያውቅ ነበር። ግን ውቤ ወልድያ ገብቶ «እንዲያው መርሳ ላይ አንዲት የዲሽ ልጅ» ብሎ ሲጀምር ከወዲሁ ሰማችው፣ መጋዙንም ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘንጉ ሃምሳ አራት ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሃምሳ። ያን ጊዜ የቆረጠችው እንደበዛ ገባት፤ የነሐስ ጠባይ ግን አንዴ ከተቆረጠ የማይረዝም ነው። ቁራጮቹን ከሣሩ ላይ ለቅማ መልሳ ልትቀጥል ሞከረች። ነሐሱ ከላይ ሳይቀልጥ ከታች መክተፊያው ቀለጠ፤ ዘንጉ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘመመ። መበየጃውን ወርውራ እንደ ልጅ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ነሐሱንም፣ መክተፊያውንም፣ ቁርቁራውንም፣ ቁርቁራውን የተከለውንም በየተራ ሰደበች።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ የግሪሳው መንጋ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ በላያቸው አለፈ፣ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ማደሪያው። ኢሳቅ ሰዓቱን አየ።

«በቃ፣ ኢብቲ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ መሬት ላይ ያለ ሰው ሳይነግረኝ መድኃኒት አልለቅም። ከቁጥቋጦው ሥር ልጅ ወይም ከብት ቢኖርስ?»

ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያናደዳት።

ዓርብ ማለዳ አውሮፕላኗ ተነስታ ሜዳውን አንዴ ዞረችና ወደ ሰሜን ጠፋች። ማታ ነዳጅ ይዛ የመጣችው መኪና በርሜሎቹን ስትጭን ኢብቲሳም መሣሪያዋን ልትሰበስብ ወርዳ ነበር። ከማሳው በኩል ግሪሳ የሚያባርሩ ሰዎች የጣሳ ድምፅና ጩኸት ይሰማል፤ እናቷም እዚያ ማማ ላይ ናቸው።

ሐጂ ኡበይደላ የእጅ ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው በእግራቸው መጡ። ፊታቸው ላይ እፍረት አለ።

«አፉ በይኝ ልጄ። ማታ መኪና አጥቼ ነው፤ ይኸው ሌሊት ተነስቼ መጣሁ።»

«ምን ሆነው ነው? ታመው ነበር?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ትናንት ወደ ኮረብታው ስወጣ የነጀብሪል እናት ጀናዛ በመንገዱ መጣ። ጀናዛ አይቶ ጥሎ የሚያልፍ ሰው አለ? ተከተልኩ። ዙህር ተሰግዶ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመን ሸኹ ዱዓ ሲያደርጉ ኪሴ ውስጥ ሆነሽ መቁጠር ጀመርሽ። በዚያ መሐል ቆሜ ‹ሰምቻለሁ› ልበል? አፈርኩ። በጋቢዬ ጠቅልዬ ያዝኩሽ። ቀብሩ አልቆ ኮረብታው ላይ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ጠራሁሽ፣ ጠራሁሽ። አልመለስሽም። ተቆጥታ ነው ብዬ ተውኩት።»

ኢብቲሳም እጇ ላይ ያለውን የዘመመ ዘንግ አየች።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ስቆጥር... ያችን የመጀመሪያዋን፣ ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ኧረ ጥርት ብሎ!» አሉ፤ ደስ የሚላት መስሏቸው ፊታቸው በራ። «አጠገቤ የቆሙት ሰዎች እንኳ ‹ይህቺ ልጅ ሴት ሆና ቀብር ድረስ ምን አመጣት?› ብለው ከቁልቋሉ ጀርባ ሲፈልጉሽ ነበር።»