የግራዝማች ኢተፋ ቤት ሲታደስ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዚያ ዓመቱ ጉድ ግን አላስችል ብሎት ገና በሰኔ ናዝሬት ገባ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነበርና የበዓሉ ኮሚቴ አንድ አሮጌ ቤት አድሶ፣ በዘመኑ ዕቃ አስጊጦ፣ «ጨቋኞች እንዲህ ይኖሩ ነበር» ብሎ ለሕዝብ ሊያሳይ ወሰነ። የተመረጠው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የግራዝማች ኢተፋ ቤት ነው። ሥራውን እንዲመራ የተሾመው ደግሞ ጓድ አብተው ነው።

ጓድ አብተው ስለ ቤት የሚያውቀው በር እንዳለው ብቻ ነበር። ይህን የምትለው የግራዝማች ልጅ የሺዓለም ናት። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለሆነች አብተውን አራተኛ ክፍል አስተምራዋለች፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ሲባል መልሱን ጣራው ላይ የሚፈልግ ልጅ ነበር። አሁንም ካኪውን ለብሶ፣ ሦስት እስክሪብቶ ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ ወደ ጣራ እያየ «ይኼ የዘመኑን መንፈስ አያንፀባርቅም» ይላል። አይ ያለው ማማሩ!

ቤቱ በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ የሺዓለምና እናቷ ወይዘሮ ጉዲቱ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ተጠግተው ለቀበሌ ኪራይ ይከፍላሉ። አብተው አማካሪም አስጎብኚም እንድትሆን ጠየቃት። ሰርቪሱ ለኮሚቴው ዕቃ ማስቀመጫ ሊፈለግ እንደሚችልም በዚያው አፉ ጣል አደረገላት። ነገሩ ገባትና እሺ አለች።

መጀመሪያ እውነቱን ነገረችው። አባቷ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ጣሊያን እንደወጣ ቤቱን በጭቃና በጥድ እንጨት አሠሩት። ኮርኒሱ በኖራ ውሃ ተለቅልቆ የተወጠረ አቡጀዴ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ከወገብ በላይ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ስለነበር፣ ፊደል የለየችው እሱን ቀና ብላ እያየች ነው። ይህን ሁሉ እጇን እያወናጨፈች፣ ደስ እያላት አስረዳችው።

አብተው ፊቱን አጨማደደ። «ጨቋኝ ጋዜጣ አይለጥፍም» አለ።

«ለጥፈው ነበር እኮ።»

«ቲቸር... ማለቴ ጓድ የሺዓለም፣ የመደብ ጠላት ቤት እንደ ድሃ ቤት ከሆነ ሕዝቡ ምኑን ይማራል?»

ከዚያ ወዲያ የሺዓለም እውነት መናገሩን ተወችው። ንቀት ያመጣው ስንፍናም ነበረበት፣ ጨዋታም ነበረበት። ከፋይ መጋረጃ ነበራቸው ወይ ሲላት፣ በየመስኮቱ አለችው። የነብር ቆዳስ ሲላት፣ ሁለት አለችው። ከአፏ የወጣ ሁሉ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አቡጀዴው ተቀድዶ የኮምፔልሳቶ ጣውላ ተመታበት፤ ጋዜጣው ተፍቆ ግድግዳው ወርቅማ ቀለም ተቀባ፤ ወርቅማ የተባለው ቀለም ግን ሲደርቅ የሽሮ መልክ አመጣ። ከላንጋኖ፣ ከአንድ ከተወረሰ ሆቴል የመጣው ሶፋ በበሩ አልገባ ሲል መቃኑ ተነቀለ። ከሻሸመኔ ገበያ የተገዛው የነብር ቆዳ ነጠብጣቡ በእርጥብ ጣት ሲነካ ይለቃል፤ ፍየል ነበር። አብተው ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ታሪክ ተመለሰ!» ይላል። ድንቄም ታሪክ!

ማታ ማታ ለእናቷ እያወራች ትስቃለች። ወይዘሮ ጉዲቱ አይስቁም። «ቤት ነው፤ የፈለጉትን ያድርጉት» ይላሉ።

ነሐሴ ሲጋመስ አብተው ከዝዋይ ያስመጣውን የጉማሬ አለንጋ ይዞ መጣና ሳሎኑ መሀል፣ ከግራዝማች ፎቶግራፍ ሥር ሰቀለው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ግራዝማች ገባሮቻቸውን የገረፉበት።»

«አባቴ ገባር አልነበራቸውም። ሰው መትተውም አያውቁም።»

«ጨቋኝ ያለ አለንጋ አይሞላም።»

የሺዓለም ደሟ ፈላ። ባለ ነብር ቢሏቸው፣ ባለ ከፋይ ቢሏቸው ሳቅ ነው። ገራፊ ማለት ግን የሞተን ሰው ከመቃብር አውጥቶ መስቀል ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ኩየራ አዳሪ ሆና ስትማር፣ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር አባቷ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ከአውቶቡሱ በር ላይ በሁለት እጃቸው አንስተው ነበር የሚያወርዷት። ያ እጅ ነው እንግዲህ አለንጋ የሚያዘው? እስከዚያ ቀን በፌዝ «እርስዎ» ስትለው የከረመችውን ሰውዬ «ስማ፣ አንተ!» አለችው። «ሰርቪሱን ከፈለግህ ውሰደው። ከእናቴ ጋር በረንዳ ላይ አድራለሁ እንጂ ይህን ቆሜ አላስጎበኝም!»

አብተው ደነገጠ። በዓሉ ደርሷል፣ ሌላ አስጎብኚ የለውም። «ምስክር አለሽ?» አላት።

«እናቴን ጥራና ጠይቃት።»

ወይዘሮ ጉዲቱ ቤቱ ከተወረሰ ጀምሮ ደጃፉን ረግጠው አያውቁም። የሺዓለም ይህን ከሐዘን ትቆጥረው ነበር። አሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ፤ ሶፋውንም መጋረጃውንም እንደ መንገድ ዳር ድንጋይ አልፈውት አለንጋው ፊት ቆሙ።

«ማን ነው እዚህ የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አለ አብተው።

«ቦታው አይደለም።»

«ሰማህ!» አለች የሺዓለም።

ወይዘሮ ጉዲቱ ወደ መኝታ ቤቱ ገብተው የተከፈተውን በር ወደ ራሳቸው ሳቡትና የበሩን የጀርባ ጣውላ በጣታቸው ዳበሱ። ቀቢው ሳያየው የቀባው ምስማር እዚያው ነበር።

«እዚህ ነው የሚሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ አይታይም።»

«እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው? አባዬ ሠራተኛ መትተው ያውቃሉ?»

«ሠራተኛማ አልመቱም። ለሠራተኛ ደግ ነበሩ።» በሩን መልሰው ከፈቱት። «አንቺም ስትመጪ ይከፈት ነበር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እንግዳ ነበርሽ።»

ይህን ብለው ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ወጡ። የሺዓለም ክረምቱን ሙሉ ይህ ደንቆሮ ቤቱን አያውቀውም እያለች ስትስቅ ከርማለች። እሷስ? ጋዜጣውን ታውቃለች፣ አቡጀዴውን ታውቃለች፤ ከበሩ ጀርባ ግን አንድ ቀን አይታ አታውቅም። በአብተው ላይ ያጠራቀመችው ንቀት ሁሉ ዞሮ ራሷ ላይ ወረደ።

አብተው በበኩሉ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየ። «የተመታችው ሚስት ከሆነችማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ በመጨረሻ። «የመደብ ይዘት የለውም።» አለንጋውን እንደተሰቀለ ትቶት ሄደ። ውሸት አምጣ ሲባል ከዝዋይ ድረስ የሚልክ ሰው፣ እውነቱ በእግሩ ሲመጣለት ለበዓሉ አልመጥን አለው።

በመክፈቻው ቀን ቤቱ ሞላ፤ የሺዓለምም አላስጎበኝም ማለቷን ትታ መጣች። ባለሥልጣኖቹ ከፊት፣ የቀበሌው ሽማግሌዎችና የሴቶች ማኅበር አባላት ከኋላ ሆነው ገቡ። የሺዓለም ከአለንጋው ፊት ስትደርስ አብተው ያስጠናትን እንድትል በዓይኑ ጠቀሳት። ወደ አባቷ ፎቶግራፍ ቀና ብላ አየች። የእሳቸውን ስም ለማዳን ቢሆን አብተው ያስጠናትን ውሸት መድገም በቂ ነበር፤ ስለ ጨቋኝ ሁሉ የሚባል ነገር ስለሆነ ማንም ከልቡ አያምነውም።

አለንጋውን ከግድግዳው አወረደች። በሰዉ መሀል አልፋ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘግታ ከጀርባው ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ተከትለዋት የገቡት ዞረው አዩት።

«ቦታው ይኼ ነው» አለች። «አባቴ እናቴን ይመታበት ነበር።»

ከባለሥልጣኖቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አብተው «ጓዶች፣ ጓዶች፣ ወደ ሳሎን!» እያለ በሩን ከፍቶ ወንዶቹን ይዞ ወጣ። የሴቶች ማኅበር አባላት ግን አልወጡም። ከመካከላቸው አንዷ በሩን መልሳ ዘጋችው፤ ሁሉም አለንጋውን ሲያዩ ቆዩ። ለምን ከበር ጀርባ እንደሚሰቀል የጠየቀች አልነበረችም።