ከቆስጣው ጋር የታጨደ

ገበሬዋ ጉቶውን ያየችው ከሰዓት በኋላ፣ ውሃ ልታጠጣ ስትጎነበስ ነው። በሦስተኛው የቆስጣ መደብ መሃል የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ግንድ ቆሟል። አናቱ በቢላ ተቆርጧል። ከግርጌው የቀረችውን አንዲት ቅጠል አሸት አድርጋ አሸተተቻት። የሚያጥወለውል ሽታ። አስተናግር!

ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

አስተናግር የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ብዙ ከበላ ይሞታል። ከዚያ እርሻ ደግሞ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ቅርጫት ወጥቷል። እርሻዋ ትንሽ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ቤተሰቦች ከዘር ጊዜ ጀምሮ በገንዘብ ይደግፏታል፣ እሷም በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ የደረሰውን አትክልት ትልክላቸዋለች።

የባሰው ነገር፣ አረሙን ከሦስት ሳምንት በፊት አይታው ነበር። ያኔ ጣት አያክልም። «ነገ እነቅለዋለሁ» ብላ አለፈችው። በማግስቱ ቲማቲሙ ቀላ፣ ዝኩኒው በላይ በላዩ ደረሰ፤ ረሳችው።

«አንተ! ቶሎ ና!»

ባሏ ሮጦ መጣ። ጉቶውን አይቶ ቀና ሲል ፊቱ ደም አልነበረውም።

«የማን ቅርጫት ውስጥ ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሙቀቱን ሽሽት ገና ሳይነጋጋ ነው ያጨድኩት።»

«በቃ፣ አታልቅሺ። ስም ዝርዝሩን አምጪ። አንቺ ከላይ፣ እኔ ከታች እንደውል።»

ደወሉ። «ቆስጣውን እንዳትበሉት! ጣሉት!» አንዷ፣ «ምነው፣ ትል ገባበት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሌላዋ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ማዕድ ቤት ስትሮጥ፣ ሳህን ሲሰበር ተሰማ። ገበሬዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። «ገና ላቀርብላቸው ነበር» አለች ሴትዮዋ እያለከለከች።

ሠላሳ ሰባቱ አነሱ። ጋሽ መርፌ አላነሱም።

ጋሽ መርፌ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ቁመናቸውም ምላሳቸውም መርፌ ነውና።

«ጆሯቸው ከበድ ስለሚል አልሰሙ ይሆናል» አለ ባሏ። ድምፁ ግን ራሱንም አላሳመነው።

«አንተ መደወልህን ቀጥል» ብላ መኪናዋን አስነሳች። እንዴት እንደነዳች አታስታውስም። በራቸው ላይ ስትደርስ ድምፃቸው ከውስጥ ተሰማት። ተመስገን ልትል አፏን ከፍታ ቀረች። ጋሽ መርፌ እየተጨቃጨቁ ነው።

«ሱሪው አጠረብህ? አንተ ነህ እንጂ የረዘምከው!»

የሚመልስላቸው የለም።

በሩን በትከሻዋ ደጋግማ ገፋችው። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተነቀለ። ጋሽ መርፌ ስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ፊታቸው ፍም መስሏል፤ ዓይናቸው ጥቁር ብቻ ሆኗል። በሁለት ጣታቸው ከአየር ላይ የማይታይ ክር እየለቀሙ፣ በሌለ መርፌ ሊያስገቡ ይታገላሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ!»

«ተራሽን ጠብቂ። ሰው እያስተናገድኩ አይደል?» ባዶውን ወንበር ጠቆሟት።

ተሸከመቻቸው። አጥንት ብቻ ናቸው። ሆስፒታል በር ላይ ለተቀበለቻት ሐኪም የጮኸችው አንድ ነገር ነው፤ «አስተናግር በልተዋል! የሰጠኋቸው እኔ ነኝ!»

«እንኳን ነገርሽን» አለች ሐኪሟ እየሮጠች። «ልባቸው ግን ከልክ በላይ እየመታ ነው። ምንም ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ገበሬዋ ኮሪደሩ ላይ፣ ጭቃው በቀሚሷ ላይ እስኪደርቅ ተቀመጠች። በሩ በተከፈተ ቁጥር መርዶ ይዘው የመጡ እየመሰላት ትነሳለች፤ ትቀመጣለች። ባሏ መጥቶ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

ጋሽ መርፌ ውሃ የጠየቁት በሁለተኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ለዩዋት።

«ጋሼ፣ አረሙን አይቼው ነበር። ትቼው አለፍኩ።» ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ጋሽ መርፌ የአንሶላውን ጠርዝ ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ።

«እኔም ስቀምሰው መሮኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ለፍተሽ ያበቀልሽው እንዴት ይጣላል ብዬ ጨረስኩት። ሁለታችንም ቂሎች ነን። ከእንግዲህ ካሮት ላኪልኝ፤ ካሮት ሌላ ነገር አይመስልም።»

ሊያስቋት ነበር። እሷ ግን ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት መደቦቹን ከባሏ ጋር በጉልበታቸው እየዳኹ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ አጨዱ። ቅርጫቶቹ ዘግይተው ደረሱ፤ የተቆጣ አልነበረም። ስድስት ቤተሰቦች ግን አንወስድም አሉ። አልፈረደችባቸውም። እሷ ራሷ እስከ በጋው መጨረሻ አንድም ቅጠል አሸት አድርጋ ሳታሸት አልቆረጠችም።