የግራው ስፒከር

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር የግራውን ስፒከር ጥምድ አድርጎ ይዞታል። ቀኙ አንጀት ያርሳል፤ ግራው ያልጎመጉማል። ጥፋተኛው አምፕሊፋየሩ ነው ብሎ ደመደመ። ሁሉን ነገር በአንድ ሣጥን አጭቀው ሲሠሩት ምን ይጠበቃል? መድኃኒቱ ሁለት ሣጥን ነው፤ ድምፁን የሚያስተካክለው ለብቻ፣ ጉልበት የሚሰጠው ለብቻ። ይህን ያነበበው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ደግሞ ከሐኪም ቃል አስበልጦ ነው የሚይዘው።

ችግሩ ጠረጴዛው ነው። በአንዱ ጫፍ አምፕሊፋየሩ፣ በሌላው ጫፍ የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ተቀምጣለች። ሁለተኛ ሣጥን ከተጨመረ መኪናዋ ዕቃ ቤት መግባቷ ነው።

«ንቅንቅ አትልም» አለች ሚስት። «እሷ ከወጣች እኔም ተከትያት እወጣለሁ።»

ቀልድ መስሎት ነበር። ሻንጣዋን አውጥታ በሩ ሥር ስታስቀምጥ ግን የምሯን መሆኑን አወቀ። ቢሆንም ሣጥኖቹን አዟል፤ ቃሉን ማጠፍ ደግሞ አልፈጠረበትም።

ሻጯ ዕቃውን ይዛ መጣች። ሙያዋን የምታከብር ሴት ስለሆነች፣ አስቀድማ አሮጌውን ልስማው አለች። ገመዶቹን አገላብጣ አየች፤ ምንም አላገኘችም።

«ጋሼ፣ እስቲ ወንበርዎን ያዙሩና ለስፒከሮቹ ጀርባዎን ይስጡ።»

ዞሮ ተቀመጠ።

«አሁንስ የደከመው የትኛው ነው?»

«ቀኙ!» አለ ሹፌሩ በድል አድራጊነት። «ይኸው፣ እሱም ተበላሸ!»

ሻጯ ሣጥኖቹን እንደታሸጉ አነሳችና፣ ጆሮዎን ይታዩ ብላው ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የግራ መስኮቱን ከፍቶ የከተማውን ጥሩምባ ሁሉ በአንድ ጆሮው ሲያስተናግድ መኖሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው። አፈረ። ከማፈሩም በላይ ፈራ።

«ታውቂ ነበር?» አላት ሚስቱን።

«ነግሬህማ ነበር።»

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ። በግራህ።»

«በቀኜስ ብትነግሪኝ?»

«አሳዘንከኛ! ደግሞ በግራህ ስናገር ቤቱ ሰላም ነው። ያሻኝን እላለሁ፣ አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ።»

«ምንድን ነው የምትዪኝ?»

«ስድብ ነዋ።»

«ሁሉም?»

ሚስት ሻንጣዋን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ በግራው በኩል ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረችው፤ ረዘም ያለ፣ በዝግታ። ስትጨርስ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

ሹፌሩ ተጣድፎ ቀኝ ጆሮውን አዞረላት። «እባክሽ ድገሚው።»

«አንዴ ተናግሬያለሁ» አለችና ስፌቷን ቀጠለች።