ቀበሮዋን ማን አጠፋት?

«እምቢ አለ! አሥር ጊዜ ነካሁት፣ እምቢ አለ!» አለች ራቢያ፣ ማውሱን እንደያዘች።

ዶሃ፣ መንሱራ ሠፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤት ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ተያዩ። የእህቷ የዘሐራ ለቅሶ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። አንዷ ከረክ ሻይዋን አስቀምጣ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ተጠጋች። «አፈሩ ሳይደርቅ ኮምፒውተር?»

ራቢያ ሰምታለች። ትስማ! ምን ታድርግ? ኢሜሉ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ለነርስ ረዳት ኮርስ ተቀብለንሻል፣ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሊንኩን ከፍተሽ ካላረጋገጥሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ፎርሙን የሞላችላት ዘሐራ ናት። «የሰው ሳህን ስታጥቢ አታረጂም» እያለች ሁለት ዓመት የጨቀጨቀቻትም እሷው ናት። አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰማያዊዋን መስመር ስትነካት ጽሑፍ ያለባት አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ራቢያ በንዴት ትዘጋታለች፣ ደግማ ትነካለች፣ ሳጥኗ ደግማ ብቅ ትላለች።

ዘሐራ ብትኖር ኖሮ! እንዲህ ያለውን እሷ በስልክ ነበር የምትፈታው። አርብ በዕረፍት ቀኗ ከቢን ኦምራንም ከአል ሂላል ሠፈርም ይደወልላታል። ዶሃ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በቤት ሠራተኝነት ነው። የማዳም ልጆች ሰልችቷቸው ዕቃ ቤት የወረወሩትን ኮምፒውተር አቧራውን ጠርጋ፣ እየፈታች እየገጠመች፣ ማንም ሳያስተምራት ተማረችው። ኋላማ የማዳም ባል ባባ ራሱ፣ ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ፕሪንተሩ ባስቸገረው ቁጥር «ዘሐራ የት አለች?» እያለ ወንበር ያመጣላት ጀመር። ወንበር! ለቤት ሠራተኛ!

አንድ ጠባይ ነበራት፤ የሰው ማውስ አትነካም። ራቢያን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ እጇን ኪሷ ትከታለች።

«ዝም ብለሽ አትጫኚው። መጀመሪያ የጻፈልሽን አንብቢ።»

«አንቺ በአንድ ደቂቃ ትጨርሺው የለ እንዴ!»

«እጨርሰዋለሁ። ነገስ? ነገ እኔን ከየት ታመጫለሽ?»

ራቢያ ያኔ አኩርፋ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዘሐራ ሥራዋ፣ ሹግል ላይ እንዳለች «ራሴን» ብላ ወደቀች፤ ሆስፒታል አልደረሰችም። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ራቢያ እጇን ከማውሱ አነሳችና ሳጥኗን አነበበቻት። መክፈቻው ፕሮግራም አልተገኘም ትላለች።

«አልተገኘም?» ዞር አለች። «ትናንት ይሄን ኮምፒውተር ማን ነካው?»

እትዬ ፈውዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሠፈሩ ሐበሾች ትልቅ እሳቸው ናቸው፤ ለቅሶውንም የያዙት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ ያስጠፋኋት» አሉ። «ቁርኣን እንዲቀራበት የጎረቤቱን ልጅ ሁሴንን አስከፈትኩት። ስናየው ቀበሮ ተጠቅልላ ተኝታለች! ለቅሶ ቤት፣ ቁርኣን እየተቀራ፣ የአውሬ ሥዕል? ኸላስ፣ ድራሿን አጥፋልኝ አልኩት። እሱም ከነሥሯ ነቀላት።»

ያቺ ቀበሮ ዘሐራ የጫነችው የኢንተርኔት መክፈቻ ምልክት ነበረች። ሊንክ ሁሉ በእሷ በኩል እንዲከፈት ታዞ ስለነበር፣ እሷ ስትጠፋ ኮምፒውተሩ በምን እንደሚከፍት ጠፋው።

ራቢያ ሳታስበው ሳቀች። ከእህቷ ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አሉ እትዬ ፈውዚያ ደንግጠው።

«ግድ የለም እትዬ፣ አሁን ገባኝ።»

ከኮምፒውተሩ ጋር አብራ የመጣችውን አሮጌዋን መክፈቻ ከፈተች። ማስተካከያው ውስጥ ገባች፣ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች፣ ሊንኮች ከእንግዲህ በዚች ይከፈቱ ብላ አዘዘች። ወደ ኢሜሉ ተመልሳ ሰማያዊዋን መስመር ነካች።

ገጹ ተከፈተ!

ስታንሾካሹክ የነበረችው ሴትዮ ሻይዋን ይዛ ብድግ አለች። «ማን አሳየሽ?»

«ዘሐራ ናታ! ማን ሊያሳየኝ!» አለች ራቢያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እንባዋ ይወርዳል፣ ደረቷ ግን ተነፍቷል። «የኔ እህት ናት ያሳየችኝ!»

«ምን ዓይነት ሰው እንደቀበርን እዩ» አሉ እትዬ ፈውዚያ ለለቀስተኛው ሁሉ፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሩብ ሰዓት ቀርቷታል። ስሟን ጻፈች፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የኢቃማ ቁጥሯን ጻፈች። መጨረሻ ላይ ችግር ቢገጥማት የሚደወልለት የቅርብ ሰው ስልክ ተጠየቀች። ጣቶቿ ሳያማክሯት ስምንት ቁጥር ጻፉ። የዘሐራ ቁጥር ነው።

ከኋላዋ ቆመው የሚያዩት እትዬ ፈውዚያ ገባቸው። «የኔን ጻፊ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ራቢያ ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋች። የመጀመሪያው ሲቀር እጇ አልታዘዝ አላት።

«የእርስዎ በስንት ነው የሚጀምረው?»

«በአምስት።»

የዘሐራም በአምስት ነበር የሚጀምረው። ራቢያ አምስቷን ሳትነካት ተወቻትና ቀሪውን የእትዬ ፈውዚያን ቁጥር ከጎኗ ጽፋ ላከችው።