ከመዳፍ የሚበልጥ ቁራጭ

ልብስ ሰፊው ቅጽል ስሙን ያገኘው ከራሱ አፍ ነው። «እኔ በሚሊሜትር አልሳሳትም» እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲደሰኩር ሰዉ መስማት ታከተውና «እሺ፣ ሚሊሜትር» አለው። እሱ ማዕረግ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም፤ ለምሳ ሲቀመጥ እንኳ ሁለቱ ጫፎች ሳህኑ ውስጥ እየገቡ ነው የሚበላው።

ሱቁ ጠባብ ነው። መሃል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ግድግዳው ላይ የደንበኛ ልብስ የሚሰቀልበት ሽቦ፣ ከኋላ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ክፍል። መኖሪያቸው እሷ ናት። ደንበኛው ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ያመጣል፤ ሚሊሜትር ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል። ሰው ቆሞ የሚያየው ከሆነ ትንሽ አብዝቶ ይይዛል።

ከጠረጴዛው ሥር የሚወድቀውን ሚስቱ ትለቅማለች። ከብብት ተቆርጦ የወጣ ግማሽ ጨረቃ፣ የአንገት ክብ፣ የኪስ ጥግ፣ ጣት የማታህል ገበር። አጥባና ተኩሳ፣ በየቀለሙ ለይታ፣ በአንድ የዱቄት ከረጢት ታስቀምጠዋለች። የቤቱ ሥራ ቀለል ሲልላት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በእጇ እየገጣጠመች ትሰፋለች፤ የድስት መያዣ ይሆናል፣ የትራስ ልብስ ይሆናል፣ ሲበዛላት የአልጋ ልብስ።

ሚሊሜትር ይህን ሥራ ድሪቶ ይለዋል። በልቡ ብሎት ቢተወው ምንም አልነበረም፤ ግን ደንበኛ በገባ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሚስቱን እንደ ብርቅ እንስሳ ያሳያል።

«እይልኝ እስቲ» ይላል። «እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ ጥራጊዬን ትሰፋለች። አንድ ቤት ውስጥ መሃንዲስና ጠራጊ።»

ደንበኛው ይስቃል። ልብሱ ገና አላለቀለትም፤ ምን ያድርግ።

እሷ ብዙ ጊዜ ቀና አትልም። አንዴ ብቻ «አንተ የምትጥለውን ነው የምሰፋው። ካፈርክበት አትጣለው» አለችው። እሱም ለሳምንት ያህል ቁራጩን እየለቀመ ውጭ ሲጥል ሰነበተና ማጎንበስ ሲሰለቸው ተወው።

ሴትዮዋ አንድ ሕግ ነበራት። ከመዳፏ የሚበልጥ ጨርቅ ከረጢቷ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ከጠረጴዛው ሥር ካገኘች፣ ከተሰፋው ልብስ ጋር አጣጥፋ ለደንበኛው ትመልሳለች። «ከመዳፍ የሚበልጥ ቁራጭ ባለቤት አለው» ትላለች። «ነገ ጉልበቱ ሲቀደድ በምን ይጥፈዋል?» ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ጥርሱን በመርፌ ይጎረጉራል።

ነገሩ የተጀመረው መንገድ ማዶ ባለ ስድስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ መጋረጃ ልታሳጥር የመጣች ቀን ነው። ካውያው እስኪግል ቆማ ስትጠብቅ፣ ሚሊሜትር እንደ ልማዱ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠላት። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ሰተት ብላ ገብታ አልጋው ላይ የተነጠፈውን አልጋ ልብስ ጫፍ አነሳች።

«ይሄን ከየት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም እትዬ፣ ሰፍቼው ነው።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

ገለበጠችው። ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር፤ የተንጠለጠለ ክር እንኳ አጣችበት።

«ስድስት ስፊልኝ፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ። ካማረኝ የትራሱንም የወንበሩንም አንቺው ትሰፊዋለሽ።»

«አንዱን በሁለት ወር ካደረስኩልዎት ነው። ቁራጭ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ነው እንጂ አይታዘዝም።»

ሚሊሜትር ይህን ሁሉ የሚሰማው አፉ በእስፒል ተሞልቶ ነበር። እስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ቸኩሎ አንዷ ከንፈሩን ወጋችው።

«እትዬ፣ ከኔ ጋር ይነጋገሩ እንጂ። ይሄ እኮ የቤታችን ሥራ ነው። ንድፉ የኔ ነው፣ እሷ መርፌውን መያዝ ነው። ስድስቱንም በአንድ ወር ተኩል ይረከባሉ።»

የሃያ ዓመቱ ድሪቶ፣ እስፒሉ ከአፉ ወጥቶ እስኪያልቅ ባለችው ጊዜ የቤት ንድፍ ሆነ። ሴትዮዋ ባልና ሚስቱን አየት አየት አደረገችና «እናንተው ተስማሙ። ብቻ አንዱ የሷ እጅ ይሁን፣ ትልቁ ክፍል ላይ የማነጥፈው እሱን ነው» ብላ ወጣች።

ሚሊሜትር በማግስቱ የሚስቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እሷ ለድርሻዋ፣ ለአንዱ አልጋ ልብስ የለየችውን በጉያዋ ይዛ ቀረች፤ የቀረውን እሱ ወሰደ። መዳፍ በመዳፍ እየገጠሙ አልጋ መሸፈን ምን ያህል ቁራጭ እንደሚበላ ግን ሚሊሜትር በሚሊሜትር አልገመተውም ነበር። የሃያ ዓመት ለቀማ ለአንድ አልጋ እንኳ አልበቃ አለ።

ስለዚህ ቁራጭ ማምረት ጀመረ።

ደህና ልብስ ሰፊ በሱሪ ወገብና በቀሚስ ጎን፣ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል። ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ተፈትቶ ይለቀቅለታል። ሚሊሜትር መጀመሪያ ያንን ትርፍ ቆርጦ አወጣ። ቀጥሎ ከሱሪው እግር እጥፋት ወሰደ። ቀጥሎ ልብሱን ራሱን ጠበብ፣ አጠር ማድረግ ያዘ። ደንበኛ ሲያጉረመርም «የጨርቁ ወርድ ጠባብ ነው፣ ነጋዴው አታሎህ ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ደግሞ ያዘነ ይመስላል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። እሱ ልሶ የሚተው አይደለም፤ ዳቦውን ይዞት ሄደ። ቁራጮቹ መጀመሪያ ደብተር አከሉ፣ ኋላም ትሪ።

ሚስቱ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አነሳች፤ አመድማ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ያለበት ነው።

«ይሄ የሹፌሩ ሱሪ ጨርቅ ነው።»

«የወደቀ ነው።»

«ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር ከየት ወደቀ?»

«ዝም ብለሽ ስፊ።»

«አልሰፋም።»

«ድሮስ መስፋት መች ታውቂና» አለና መኪናው ላይ ራሱ ተቀመጠ።

አምስቱንም ራሱ ሰፋቸው። አይካድም፣ ያሳመረው ነገር ነበር። ጉራ ይውጣለትና ለደንበኛ ልብስ ያልሰጠውን ጥንቃቄ ሁሉ ለዚያ ስርቆት ሰጠው፤ አራት ቁራጮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ አንዲት ክር አልተዛነፈችም። ሲጨርስ እያጣጠፈና እየፈታ ደጋግሞ አያቸው። መጋረጃውን ግን አልገለጠም፤ ሚስቱ ያንን እንድታይለት ፈልጎ ነበር፣ እንድታይለት መጠየቅ ግን አልሆነለትም፤ አምስቱንም ተሸክሞ መንገድ ማዶ አስረከበ።

ሹፌሩ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ከመኪናው ይወርዳል። አዲሱ ሱሪ ገና በሁለተኛው ሳምንት አስጨነቀውና «ሁለት ጣት ልቀቅልኝ» ብሎ መጣ።

«ትርፍ የለውም» አለው ሚሊሜትር። «ጨርቅህ አልበቃ ብሎ ነው።»

«ሦስት ሜትር ሙሉ አልበቃ አለኝ?»

«ሆድህን ጠይቀው።»

ሹፌሩ ቁልፉን ሳይቆልፍ በቀበቶ አስሮ ሄደ። በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ሻንጣዋን እንግዳ ማረፊያው ድረስ እንዲይዝላት ለመነችው። ክፍሉ ገብቶ ሻንጣውን አልጋው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሱሪውን አገኘው። አራት ቦታ ተነጥፏል፤ አንደኛው ቁራጭ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቢያስቀምጥበት ይተርፋል።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ሹፌሩ፣ አልጋ ልብሱን በክንዷ የያዘችው የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት፣ እና ጡረታ የወጣችው አዋላጅ። አዋላጇ የሰፈሩን ግማሽ፣ ሚሊሜትርን ራሱን ጨምሮ፣ በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። የቀሚሷን አረንጓዴ ጨርቅ ከአልጋ ልብሱ ላይ ሁለት ቦታ አግኝታዋለች። ከኋላቸው ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ በሩን ሞላው።

ሹፌሩ ጣቱን ከሱሪው ላይ አነሳና አልጋ ልብሱ ላይ አሳረፈው። «ይሄና ይሄ ምንና ምን ናቸው?»

ሚሊሜትር ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? እዚህ ቤት ቁራጭ የሚለቅመው ማነው? ድሪቶ ሰፊዋ ማናት? ስንቴ አሳየኋችሁ?»

ሚስቱ መጋረጃውን ይዛ ቆማ ነበር። «እኔ አልሰፋሁትም» አለች። «የኔ ገና አላለቀም፣ አልጋው ላይ አለ።»

«ለምሳ ብዬ ወጣ ስል መኪናዬ ላይ ትቀመጣለች። መቀሴንም ትነካለች። አፍሬ ነው ሸሽጌላት የኖርኩት…»

አመኑት። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ማሰብ ስለሚያደክም ነው። ሃያ ዓመት ያ መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ያዩት እሷን ከቁራጭ ጋር ነው፤ አይተውም ስቀዋል። አሁን ደግሞ በሩ ላይ የቆሙት እርስ በርስ «ድሮም እኮ…» ተባባሉ። ድሮ ምን እንደሆነ ግን የሚጨርሰው አልተገኘም።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ፊቷን ዘጋችው። «እንዲህ ከሆነማ የጀመርሽውም ይቅርብኝ። በሰው ሱሪ ላይ እንግዳ አላስተኛም።»

ሚስቱ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አንዲት ቃል ብትጨምር ድምጿ ሊሰበር ነው፤ ድምጿ ቢሰበር ደግሞ «ይኸው፣ አለቀሰች» ሊሉ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ማን መርፌ ያስይዛታል?

አዋላጇ ይህን ጊዜ መነጽሯን አድርጋ አልጋ ልብሱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታዋለች። በጣቷ ስፌቱን ተከትላ እስከ ጫፍ ሄደችና ተመለሰች።

«ማዕዘኑን እዩት» አለች። «ሌብነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ አገጣጠም አላየሁም። አንቺ ልጅ፣ በመርፌስ ባልሽን ታስከነጂዋለሽ።»

«እማማ፣ እኛ የመጣነው እኮ ለሌላ ነገር ነው» አለ ሹፌሩ።

«ቆይ ልጄ። የኔን ቀሚስ ጠርዙን አይተኸዋል? እባብ የሄደበት ይመስላል፤ እሱ ነው የሰፋው። ይሄ ግን ቀጥ ያለ ነው። ለካ ሙያው የሷ ኖሯል፤ ይሄ ሰውዬ የሜትር መስቀያ ነው።»

በሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። የሚሊሜትር ጆሮ ቀላ። መቀሱን ከፈተ፣ ዘጋ።

«እሷ በእጅ ነው እኮ የምትሰፋው፣ እማማ» አለ ዝግ ብሎ።

«በእጅም ይሁን በመኪና፣ ጎበዝ ጎበዝ ነው። ከዛሬ ወዲያ ልብሴን የምሰጠው ለሷ ነው። ብትሰርቀኝም አሳምራ ትስረቀኝ።»

ሹፌሩ የሚሊሜትርን ሚስት አየ፣ አዋላጇን አየ። የገባው መሰለ። «እውነት ነው» አለ። «እኔም ለሷ ነው የምሰጠው። ይሄ እንደሆነ ሁለት ጣት መልቀቅ እንኳ አቃተው።»

ሚሊሜትር መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እሷ? ይቺን? አራት ጨርቅ አንድ ነጥብ ላይ እሷ ትገጥማለች? የስፌቱን ውስጥ ግራና ቀኝ ከፍለው ካልተኮሱት አይተኛም፤ ይህን ታውቃለች? አምስቱንም በዚህ እጄ ነው የሰፋሁት። ለክተህ እየው፣ አንድ ሚሊሜትር ተዛንፎ ካገኘህ እጄን ቁረጠው።»

እሱ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሙገሳ እየጠበቀ ነበር።

«ጨርቁንስ?» አለ ሹፌሩ። «የቆረጥከው አንተ ነህ?»

ምን እንዳለ ከሁሉም በኋላ ለሱ ገባው። ደረቱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አራቱም የቀሩት አልጋ ልብሶች መጡ። ሚሊሜትርን ለደንበኛ እግር መለኪያ በምትሆነው አጭር በርጩማ ላይ አስቀመጡትና ምላጭ ሰጡት። ደንበኛው ሁሉ ከፊቱ ተሰልፎ የየራሱን ጨርቅ በጣቱ ያሳያል፤ እሱ ክር በክር ይፈታል። ሚስቱን ይቅርታ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ድሮም እናውቃት ነበር ተባባሉና በዚያው አለፈ። ሹፌሩ ብቻ የተመለሰለትን ቁራጭ ይዞ መጣና «እህቴ፣ ይቺን ወገቤ ላይ ታስገቢልኛለሽ?» አላት። እሷም ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ መኪናው ላይ ተቀመጠች።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት አጠገቧ ቆማ ትንሽ አመነታች። «በሁለት ወር ነበር ያልሽኝ?»

«ሦስት ነው» አለች ሴትዮዋ ከመርፌው ዓይኗን ሳታነሳ። «ከረጢቴን ጨርሶብኛል።»

«ሦስት ይሁን።»

እታች በርጩማው ላይ፣ ሚሊሜትር አረንጓዴውን ቀሚስ ከአመድማው ሱሪ የሚያገናኘው ስፌት ላይ ደርሶ ምላጩን አቆመ።

«እማማ፣ ይሄኛውን ማዕዘን ግን ሳልፈታው ይዩልኝ።»

«አይተነዋል» አለች አዋላጇ። «ፍታው።»