የኤሌውቴሪዮ እርጥብ ሸሚዝ

በሩ ሲንኳኳ አክስት ዶሚቲላ «ጸጋ የሞላሽ» ላይ ደርሳ ነበርና ጸሎቱን አላቋረጠችም፤ ዓይኗን ብቻ ወደ በሩ ላከች። ኤሌውቴሪዮ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ አሥር ሽማግሌና አሮጊት፣ አሥር መቁጠሪያና አንድ ጠርሙስ የአኒስ አረቄ አለ። ቶሬሴካ የሚባለው መንደር እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ አሥራ አንድ ነበሩ።

የሟቹ ልጅ ሳግራሪዮ ለቅሶ ደራሽ መስሏት ጥቁር ሻርፗን አስተካክላ ከፈተች። ደጃፉ ላይ ቁምጣ የለበሱ ባልና ሚስት ቆመዋል። ዳገቱ ፊታቸውን እንደ በርበሬ አቅልቶታል።

«ግንቡ በር ላይ ‹ቁልፉ ሰባት ቁጥር ቤት ነው፣ ጠንከር አድርጋችሁ አንኳኩ› የሚል ጽሑፍ አይተን ነው» አለ ሰውየው። ከዚያ በትከሻዋ በኩል ሻማውንና ጥቁር ለባሾቹን አየና ድምፁ ወረደ። «በመጥፎ ሰዓት መጣን መሰለኝ።»

«ከሱ ጋር አልቀበርነውም» አለ አጎት ባውዲሊዮ ከጥግ ሆኖ። «ቁልፉን ማለቴ ነው። ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሂጂ አሳያቸው፣ ልጄ፤ ያንቺን ድርሻ እኛ እንጸልይልሻለን።»

ቁልፉ ክንድ ያህላል። ኤሌውቴሪዮ አርባ አራት ዓመት ይዞታል፣ ከሱ በፊት አባቱ፣ ከአባቱ በፊት አያቱ። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። የሰባት ቁጥር ቤት ሰው ምሳ ላይም ይሁን ጸሎት ላይ በሩ ሲንኳኳ ተነሥቶ ይከፍታል። ሐዘንም ቢሆን ያው ነው።

የቶሬሴካ ዳገት ቀልድ አይደለም። ነፋሱ ራሱ ከሸለቆው ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ ጉም የወጣ እንደሆነማ ደክሞት እስከ እኩለ ቀን ጣሪያ ላይ ይተኛል። ከመንደሩ እስከ ግንቡ ጫፍ ደግሞ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ አለ። ሳግራሪዮ እንግዶቹን በነዚያ ሁሉ ላይ መርታ አወጣቻቸውና ሠላሳ አራት ዓመት ሳራጎሳ ከተማ ሒሳብ ባስተማረችበት ድምፅ አስረዳቻቸው። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ተሠራ። በአሥራ ስድስተኛው ተጠገነ። ከዚያ ጣሪያው ወደቀ።

እንግዶቹ ጥቂት ጠበቁ።

«ሸሚዙስ?» አለች ሴትየዋ።

«የቱ ሸሚዝ?»

«እህቴ ዓምና መጥታ ነበር። የሸሚዙን ነገር የሚያወራ ሽማግሌ አለ ብላኝ ነው።»

«ሽማግሌው ሞቷል» አለች ሳግራሪዮ። «የሸሚዙም ነገር ተረት ነው።»

ወደ ቤት ስትመለስ ጸሎቱ አልቆ አረቄው ተጀምሯል።

«ምን አሳየሻቸው?» አለ ባውዲሊዮ።

«ግንቡን ነዋ።»

«ድንጋይማ አገራቸውም ሞልቷል» አለና ብርጭቆውን ወደ ዶሚቲላ ገፋ።

ሸሚዙ ግን ተረት ብቻ አልነበረም። ኤሌውቴሪዮ በየማለዳው አንድ ነጭ ሸሚዝ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ ይሰቅል ነበር። ከሸለቆው ማዶ ሳይቀር ይታያል። ሸሚዙ ካለ ግንቡ ክፍት ነው፣ ግንቡ ክፍት ከሆነ ጎብኚ አለ፣ ጎብኚ ካለ የዳቦ መኪናው ሹፌር ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ይወጣል። ለአሥራ አንድ ጥርስ አልባ ሰው ብቻ ብሎማ ማን ያን ዳገት ይደፍራል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሆኖ ጫፉ ባዶ ነበር። ዶሚቲላ በመስኮቷ አየችና ስኒዋን አስቀምጣ፣ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ሄደች። ኤሌውቴሪዮ ወንበሩ ላይ አንድ እግሩን ጫማ አጥልቆ፣ ሌላውን ሊያጠልቅ እንዳጎነበሰ ቀርቶ ነበር።

መጨረሻ የለበሰው ነጭ ሸሚዙ ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዶሚቲላ ልታጥበው ስትል ሳግራሪዮ እጇን ያዘቻት።

«ይቆይ።»

«ቆሽሿል እኮ፣ ልጄ።»

«ይቆይ አልኩዎት፣ አክስቴ።»

ኮሌታው ትምባሆና ርካሽ ሳሙና ይሸታል። ሳግራሪዮ እየሄደች አፍንጫዋን ስትቀብርበት ያዩ ሁሉ እንዳላዩ ሆኑ።

በአራተኛው ቀን ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ቁልፍ ያዡ ስለሞቱ፣ መንደሩ ውስጥ የሚኖር ተተኪና በቂ ጎብኚ መኖሩ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በመጪው ሳምንት አንድ ሠራተኛ መጥቶ ቁልፉን ይረከባል፤ በሩም ይታሸጋል። ሳግራሪዮ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

ማንም አላያትም። ባውዲሊዮ ኮርኒሱን አየ፣ ዶሚቲላ መቁጠሪያዋን፣ ሌሎቹ ጉልበታቸውን። አሥሩም ሰማንያን አልፈዋል፤ ደረጃው ደግሞ መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሳግራሪዮ በሰኔ ጡረታ መውጣቷን፣ ሳራጎሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን እንደምትኖር ሁሉም ያውቃል።

«ዳቦውስ?» አለች ዶሚቲላ በመጨረሻ፣ ለመቁጠሪያዋ የምትናገር መስላ።

ሳግራሪዮ ደብዳቤውን አጠፈች። አባቷ ለአርባ አራት ዓመት የዋሸበትን ቁልፍ እሷ ይዛ ምን ልትል ነው? እውነቱን ብትናገር ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ይህን ባልና ሚስቱ አሳይተዋታል። ተረቱን ልትናገር ብትል ደግሞ አፏ እንቢ ይላታል፤ ለዚህም ምክንያት አላት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ አባቷ አርባ ጎብኚ ፊት ሲናገር ከኋላ ቆማ ሰማች።

«ጠላት ሸለቆው ውስጥ ሰፍሮ ሦስት ዓመት ከቦናል» ይላል ኤሌውቴሪዮ፣ ትናንት የሆነ ይመስል። «የቀረን ውሃ አንድ ማሰሮ ነው። ያን ጊዜ የሰባት ቁጥር ቤት ሴት አንድ ሸሚዝ ነከረች። ጨመቀች። ጭማቂውን አንድ ጠብታ ሳታፈስ ወደ ማሰሮው መለሰች። ሸሚዙን ግንቡ ላይ ሰቀለች። በማግስቱ ያንኑ ሸሚዝ በዚያኛው ወገን፣ በሦስተኛው ቀን በዚህኛው። ከታች ያለው ንጉሥ አይቶ ‹እነዚህ ሰዎች ለልብስ ማጠቢያ የሚተርፍ ውሃ አላቸው፤ የኛ ሱሪ ግን ከቆሻሻ ብዛት ያለ ሰው መቆም ጀምሯል› አለና ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ።»

«አባዬ» አለች ሳግራሪዮ፣ «ይህ ግንብ ተከቦ አያውቅም። መዝገቡን አንብቤያለሁ። አንድም መስመር አልተጻፈም።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ኤሌውቴሪዮ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ።

«ልጄ ልክ ናት፤ አልተጻፈም። ቀለም በምን ይበጠበጣል? በውሃ። ውሃው ደግሞ ሸሚዙ ላይ ነበር።»

አርባ ሰው ሳቀ። ሳግራሪዮ በዚያው ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ገናን ትመጣለች፣ ነሐሴን ትመጣለች፣ ካልሲና መድኃኒት ታመጣለች፤ ከአባቷ ጋር ግን ግንቡ ላይ አልወጣችም።

በስድስተኛው ቀን ከቢልባዎ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። ሳግራሪዮ ደረጃውን እየወጣች የጣሪያውን መውደቅ ስታስረዳ፣ ከፊት የነበረች ወፍራም ሴት ቆማ አየቻት።

«ሒሳብ አስተማሪዋ ነሽ እንዴ? ሳራጎሳ ያለሽው?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ስመጣ ሦስተኛዬ ነው። ሽማግሌው የሸሚዙን ነገር ይጨርስና ኮፍያውን ያወልቃል። ‹አሁን ደግሞ እውነቱን ስሙ› ይላል። ‹ልጄ ሳግራሪዮ መዝገቡን ሁሉ አንብባ ይህ ነገር አልሆነም ብላለች። ይህን ግንብ ንጉሥ አልደፈረውም። እሷ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በአንድ ቃል ሰበረችው። እዚህ ቆሞ እኔን የረታ ሌላ ሰው የለም።›»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«ሁለቴ መጥቼ ሁለቴ ሰምቻለሁ። ስለ ሸሚዙ ሲያወራ ይቀልዳል፤ ስላንቺ ሲያወራ ግን ደረቱ ይነፋ ስለነበር የሸሚዙ ቁልፍ የሚበጠስ ይመስል ነበር።»

ሳግራሪዮ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሰው ሁሉ ደረጃው ነው ብሎ አሰበ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በፊት ቤርናቤ የሚባል ቀጭን የቢሮ ሠራተኛ ወረቀቱን አቅፎ፣ እያለከለከ ደረሰ። ዶሚቲላ አረቄ ቀዳችለት። እሱም ስለ ሐዘኑ የሚገባውን ቃል ተናግሮ ብዕሩን አወጣ።

«መቼም ጎብኚ የሚበዛ አይመስለኝም» አለ። «ስመጣ ማንንም አላየሁም።»

በሩ ተንኳኳ። የገለባ ባርኔጣ ያጠለቀ ሽማግሌ ብቅ አለ።

«ቁልፍ ፈልጌ ነበር። ከቢልባዎ ነው የመጣሁት።»

ሳግራሪዮ አፏን ልትከፍት ስትል ዶሚቲላ በክርን ጎሰመቻት። ሽማግሌው «ቆይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ቤርናቤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ እንደገና ተንኳኳ፤ ይኸኛው ቆብ አድርጎ፣ የዶሚቲላን የፀሐይ መነጽር ሰክቷል።

«ከቫሌንሲያ ነኝ» አለ ወፈር ባለ ድምፅ። «ብርቱካን ሻጭ።»

ሦስተኛው የሞተር ሳይክል ቆብ ደፍቶ ስለነበር ቃሉ በደንብ አልተሰማም፤ ሊዝበን የሚል ነገር ግን አለበት። ቤርናቤ ከራስ ቆቡ እስከ እግሩ ቀስ ብሎ አየው።

«እኚህ የፖርቱጋል ሰው» አለ፣ «ይህን ዳገት በቤት ጫማ ነው የወጡት? የቢልባዎውም ሰውዬ ይህንኑ ጫማ ነበር ያደረጉት። አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ያለበትን።»

ባውዲሊዮ እግሩን አየ። ሦስት ባርኔጣ ለመዋስ ሦስት ቤት ዞሯል፤ ጫማ የሚባል ነገር ግን ትዝ አላለውም። ዶሚቲላ የእንግዳውን አረቄ አንሥታ ራሷ ጠጣችው።

ሳግራሪዮም ጫማውን አየች። ከዚያ ተነሥታ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች።

«አንድ ሸሚዝ ነው» አለች። «በየወገኑ የሚሰቀል።»

«ምን አሉኝ?»

«ይነሡ፤ ላሳይዎት።»

ግንቡ ጫፍ ላይ ሸለቆውን እያሳየች ነገረችው። ማሰሮው ላይ ስንጥቅ አደረገችበት፤ ለንጉሡ ጠቃጠቆ ጨመረችለት፤ ሱሪው ያለ ሰው ቆሞ ዘብ ሲጠብቅ ስትነግረው ደረቷ ተነፋ። ስትጨርስ ጥቁር ሻርፗን ከራሷ አውልቃ ቆመች።

«አሁን ደግሞ እውነቱን ይስሙ» አለች። «መዝገቡን አንብቤዋለሁ፤ ይህ ነገር አልሆነም። እዚሁ ቆሜ ለአባቴ ነግሬዋለሁ። እሱ ምን አለ መሰለዎት?»

«ምን አሉ?»

«ቀለም በምን ይበጠበጣል አለ። ውሃው ሸሚዙ ላይ ነበር።»

የቤርናቤ ሳቅ ግድግዳውን መታው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፣ እያነበበላት።

«የዛሬ ጎብኚ፦ አንድ ከቢልባዎ፣ አንድ ከቫሌንሲያ፣ አንድ ከሊዝበን። በቂ ነው። ተተኪ ቁልፍ ያዥ ማን ልበል?»

«ሳግራሪዮ። ሰባት ቁጥር ቤት» አለች። «ሲመጡ ጠንከር አድርገው ያንኳኩ።»

በዚያ ምሽት ለሟቹ የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት አለቀ። ባውዲሊዮ የሦስቱንም ሰዎች ድርሻ አረቄ እንዲሰጡት ጠይቆ ሁለቱን ፈቀዱለት።

በማግስቱ ማለዳ ሳግራሪዮ ሸሚዙን ከበሩ ኋላ አወረደች። ኮሌታውን ፊቷ ላይ አድርጋ ዶሚቲላ ከመስኮቷ እስክታስል ድረስ ቆየች። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ነከረችው፤ ትምባሆውም ሳሙናውም ወደ ውሃው ሄደ። ጨመቀችው። ጭማቂውን አንድ ጠብታ ሳታፈስ ወደ ባልዲው መለሰች።

መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ በምዕራቡ ወገን ሰቀለችው። ነፋሱ ገና ሁለተኛ እረፍቱ ላይ ነበርና ሸሚዙ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ከሸለቆው የዳቦ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። ሳግራሪዮ የአንዱን እጅጌ ጫፍ በእጇ ያዘች፤ መኪናው ዳገቱን ጨርሶ መንደሩ እስኪገባ ድረስም አልለቀቀችውም።